በአንዲት ኩላሊት ያኖረኝ ጌታ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ዛሬ ተነሥቻለሁ። በቃሌ ስናገር ስለምርበተበትና ከመሃል ስለምዘል ጽፌ መጥቻለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለችውን ትንሽ ነገር በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው ያሻሻልኋት። ብሳሳት ታገሡኝ። ደግሞ እንደምታውቁት የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው። "ሃሌ ሉያ" የምትሉበት ቦታ ሲደርስ በልባችሁ በሉልኝ፤ ጌታ የልብን ይሰማል።

ጭኔ ላይ ያለውን ትልቅ ፖስታ አይታችሁ "ምን ይዛ መጣች?" ሳትሉ አልቀራችሁም። መጨረሻ ላይ እከፍተዋለሁ።

የሺወርቅ እባላለሁ። ቤቴ ቁስቋም ነው። የአራት ልጆች እናት ነኝ፤ ባለቤቴ አዘዞ በመንግሥት መጋዘን ይሠራል። ከጌታ በፊት የነበረሽን ሕይወት ንገሪን ብትሉኝ፣ ሰካራም አልነበርሁም፣ የሰው ነገርም አልነካሁም። እኔ ፈሪ ነበርሁ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጥቂት ከዘገዩ መንገድ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። የሚጠጡትን ውሃ ሁለት ጊዜ አፈላለሁ። ሐኪም ክኒን ሲያዝልን ግማሹን እሰጥና ግማሹን "ቢበዛባቸውስ" ብዬ እደብቃለሁ። አንገታቸው ላይ ክታብ አስሬ፣ ክታቡ ራሱ እንዳያንቃቸው ደግሞ ሲተኙ እፈታዋለሁ። ባለቤቴ፣ "ሞት ቤታችንን ቢረሳው እንኳ አንቺ ሂደሽ ታስታውሺዋለሽ" ይለኝ ነበር።

ሌላም ጠባይ አለብኝ። መጠየቅ አበዛለሁ። በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ እያጠብሁ የት የት እንደሚገናኝ ሳላይ አልተውም። ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ" ሲባል ሰምቼ እናቴን፣ "ልብንስ እሺ፣ ከኩላሊት ምን ይፈልጋል?" ብላት ቁንጥጫ አቀመሰችኝ። ጥያቄው ግን አልወጣልኝም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ፍሬው የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። እናታችን እሱን ጥላ ነው የሞተችው። ያሳደግነው እኔና ታላቅ ወንድማችን አያ ታደሰ ነን። አያ ታደሰ ትክል ድንጋይ አጠገብ አራሽ ናቸው፤ ለእኛ እንደ አባት ናቸው። ፍሬው ተምሮ እዚሁ ጎንደር በግብርና መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ላይ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ያብጥ ጀመር። ቀጥሎ እግሩ አበጠ፤ ጫማው እምቢ አለው። ከዚያ እህል አስጠላው፤ ሲተነፍስም ከአፉ የሽንት ዓይነት ሽታ ይወጣል። ሆስፒታል ወሰድነው።

ሐኪሙ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ሰው ነው። እኔንና አያ ታደሰን ጠርቶ፣ "ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። እዚህ አገር መድኃኒት የለውም። ውጭ አገር ግን ከጤነኛ ሰው አንድ ኩላሊት አውጥተው ለታመመው ይተክላሉ" አለን።

አያ ታደሰ፣ "ከሞተ ሰው?" አሉ።

"ከሕያው ሰው። ከወንድም ወይም ከእኅት ቢሆን ይሻላል። የሁለታችሁም ደም ከእሱ ጋር ተስማምቷል።"

አያ ታደሰ ዱላቸውን አነሡ። "ደም ስጡ ብላችሁ ጠርታችሁ ጎን ትጠይቃላችሁ? እኔ አራሽ ነኝ፤ ሞፈር የሚያዘው በጎን ነው። ደግሞስ በትንሣኤ ቀን ጎዶሎ ሆኜ ልነሣ?" አሉና ወጡ። በዚያው ቀን አገራቸው ገቡ። አልፈረድሁባቸውም። ያሉት ሁሉ በእኔም ሆድ ነበረ።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረልኝ። የፍሬው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎለት የሐኪሞች ቦርድ ውጭ አገር እንዲታከም ፈቅዶለታል። የተፈቀደው ግን ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለታማሚውና ለአንድ ለጋሽ። ለጋሹ እዚያ ደርሶ "አይሆንም" ከተባለ፣ ሌላ ሰው የሚላክበት መንገድ የለም። ባዶ እጅ መመለስ ነው። ፍሬው ደግሞ ተመልሶ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ እኔ ቀረሁ።

እህቶች፣ ያን ቀን ሐኪሙን የጠየቅሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

"ሲያወጡት ቦታው ባዶ ይቀራል?"

"አንጀትዎ ትንሽ ጠጋ ይላል።"

"የቀረችውስ ምን ትሆናለች?"

"ጓደኛዋ ስትሄድ ሥራውን ሁሉ እሷ ትይዛለች። እየቆየች ትወፍራለች።"

"አንዷ ከበቃች እግዜር ሁለት ለምን ሰጠ?"

"እሱን የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ የማውቀው ሲታመሙ ብቻ ነው።"

"ፍሬው የኔን ከወሰደ እንደኔ ፈሪ ይሆናል?"

ሳቀ። "ፍርሃት በኩላሊት አይተላለፍም።"

"እኔስ እሞታለሁ?"

መሳቁን ተወ። ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ። "አልዋሽዎትም። አብዛኞቹ ይድናሉ፤ የሚሞቱም አሉ። የማደንዘዣው መድኃኒት የማይስማማው ሰው አለ። ደም እምቢ ብሎ ሊፈስ ይችላል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ይህ ሁሉ አልፎ ወደ ቤትዎ ቢመለሱም፣ የቀረችው አንዷ አንድ ቀን ብትታመም ተጠባባቂ የለዎትም። ያን ሁሉ ከፍለው ደግሞ የወንድምዎ ሰውነት አልቀበልም ሊል ይችላል።"

"አራት ልጆች አሉኝ።"

"ለዚህ ነው የምነግርዎት። እምቢ ቢሉ የሚወቅስዎት የለም።"

እሺ ያልሁት ከድፍረት አይደለም። ፍሬውን ጡት ባላጠባውም ያላመጥሁትን አጉርሼ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እምቢ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ፤ ያ ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ ልጆቼን አንድ በአንድ እያየሁ የማን እናት አልባ መሆን እንደሚከፋ አስብ ጀመር። ትልቋ ወጥ ትሠራለች፤ ሁለቱ ወንዶች አባታቸውን ይከተላሉ፤ ትንሿ ግን ያለእኔ አትተኛም። እዚያ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆሜ ከመጀመሪያው እደግም ነበር።

ምርመራ የምጀምርበት ቀን ተቆረጠ። አሁን የሠራሁትን ስንፍና ስሙ። ሰው የውስጤን ሊያይ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? እኔም ባህሌን አውቃለሁ፤ ከሁለት ቀን በፊት ማልጄ ተነሥቼ በባዶ ሆዴ ኮሶ ጠጣሁ። ጠንካራ ኮሶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስመላለስ ዋልሁ፤ ማታ ግድግዳ ይዤ ነው የሄድሁት። በልቤ ግን "ንጹሕ ሆንሁ" አልሁ።

ደሜንና ሽንቴን ወሰዱ። ውጤቱ መጣ፤ ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። "ኩላሊትዎ ደክሟል። የወሰዱት መድኃኒት አለ?" አለኝ።

"ምንም" አልሁ። እውነቴን ነው፤ ኮሶን ማን መድኃኒት ይለዋል? ጽዳት ነው። ደግሞም በተማረ ሰው ፊት ኮሶ ማለት አፈርሁ።

"ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደግመዋለን" አለ።

እኔ ምን ገባኝ መሰላችሁ? ያልጠራ ነገር ቀርቷል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ኮሶ አንሶ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ምርመራ ሲደርስ ከፊተኛው አብዝቼ ጠጣሁ። በዚያኛው ወድቄ ባለቤቴ በቀዝቃዛ ውሃ ነው ያነቃኝ። ውጤቱ ከፊተኛው ባሰ።

በዚህ መሃል ፍሬው አልጋ ላይ ቀረ። ወደ ውጭ ልንሄድ የቀረን ጊዜ ከአንድ ወር ያነሰ ነበር። አንድ ቀን ሾርባ ይዤለት ስገባ፣ "የሺዬ፣ ውጤትሽ መጥፎ የሆነው ኩላሊቶችሽ መንገድ ፈርተው ይሆናል። ያንቺ አይደሉ?" አለኝ። ፊቱ አብጦ ሲስቅ ዓይኑ አይታይም ነበር።

ሐኪሙ፣ "በደም ብቻ አላምንም። ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀለም አለ፤ ብርቅ ነው፤ እንዲህ ባይሆን አልጠይቅልዎትም ነበር። በእሱ የራጅ ፎቶ እናንሣ" አለ። ክንዴን ወጉኝ። ሰውነቴን ሙቀት ወረረው፤ አፌ ብረት ብረት አለኝ። አስተኝተው በየጊዜው እያቆሙ አነሡኝ።

በማግስቱ ጠራኝ። ፊልሙን መብራት ያለበት ሰሌዳ ላይ ሰቅሎታል። በስተኋላው ሲስተር ሰናይት የምትባል ነርስ ቆማለች። የፍሬውን ክፍል የምትጠብቅ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት።

"ጎንዎን ተቀደው ያውቃሉ?" አለኝ።

"ኧረ በፍጹም።"

"ይህችን ይዩ። ይህች ቀኟ ኩላሊትዎ ናት። ትልቅ ናት፤ ከወትሮው ትልቅ ናት። አሁን ወዲያኛውን ወገን ይዩ።"

አየሁ። ጥቁር ነው።

"ግራዋ የት አለች?"

"የለችም።"

"የት ሄደች?"

"የትም አልሄደችም። ሲፈጠሩም አልነበረችም። አልፎ አልፎ እንዲህ የሚወለድ ሰው አለ፤ ብዙው ሳያውቀው ይኖራል። እርስዎ በአንዲት ኩላሊት ነው የኖሩት።"

ወንድሞች፣ ያን ጊዜ አፌ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? "እንግዲያው ኮሶው ነው!" አለ። ሐኪሙ "የምን ኮሶ?" አለ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ፊተኛውንም ኋለኛውንም። ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

"እሜቴ" አለኝ፣ "በአንዲት ኩላሊት ያን ሁሉ ኮሶ ጠጥቶ መሞት ይቻል ነበር። ኮሶውን ባይጠጡ ደግሞ ደምዎ ንጹሕ ይሆን ነበር። ደምዎ ንጹሕ ቢሆን ይህን ፎቶ እዚህ አላነሣዎትም፤ ወረቀትዎን አስይዤ ከወንድምዎ ጋር እልክዎት ነበር። እዚያ ከመቅደዳቸው በፊት ያገኙት ነበር፤ እርስዎ አይሞቱም። ግን የወንድምዎ ዕድል እዚያው ያበቃ ነበር።"

ወጥቼ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይ ነበረ። ሰው ይወጣል ይወርዳል። እኔ ጎኔን በእጄ እየዳሰስሁ ቁጭ አልሁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያዘኝ። አንደኛው፣ ፍሬው አሁን ለጋሽ የለውም። ሁለተኛውን እንዴት ልንገራችሁ፤ ያ ባዶ ቦታ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የፈራሁትን ልቆጥር ብሞክር ቆጥሬ አልጨርስም፤ እባብ፣ መኪና፣ ወንዝ፣ ምች፣ የሰው ዓይን። ይህን ግን አንድም ቀን ፈርቼው አላውቅም። ሁለተኛውን ልጄን ስወልድ ሰውነቴ ሁሉ አብጦ፣ ዓይኔ ጨልሞ፣ አዋላጇ "እሷንስ ተዋት" ብላ ነበር። ዳንሁ። ወባ ይዞኝ ጠዳ ከተማ አክስቴ ቤት ሳምንት ሙሉ ራሴን ሳላውቅ ተኝቻለሁ። ዳንሁ። ያን ሁሉ በአንዲት! እኔ ውሃውን ሁለቴ ሳፈላ፣ ክታቡን ሳስርና ስፈታ፣ ትልቁን ነገር ሌላ ሰው ይጠብቀው ነበር። ማን ነው እሱ?

ሲስተር ሰናይት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ይህችን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ አያት ነበር። በእምነቷ ምክንያት ታስራ እንደተፈታች በክፍሉ ውስጥ በሹክሹክታ ይወራል። "ጴንጤ ናት፣ አትጠጊያት" ያለችኝም አለች። እኔ ግን ገርሞኝ ነበር፤ ካድሬ ሲገባ ሌላው ሁሉ ድምፁ ይለወጣል፣ የእሷ አይለወጥም።

"ሲስተር፣ ምን ጠጥተሽ ነው የማትፈሪው?" አልኋት።

"ኮሶ አይደለም" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥላ፣ "እትዬ የሺ፣ እኔም እፈራለሁ። ሲያስሩኝ እንኳን ልቤ ጉልበቴም ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚያውቀኝ ስላለ ግን ብቻዬን አልፈራም" አለች።

"የሚያውቅሽ ማን ነው?"

"አንቺንም የሚያውቅሽ። ያ ፊልም ዛሬ ነው ለአንቺ የታየሽ። ለሠራሽ ዛሬ አልታየውም።"

ያን የልጅነቴን ጥያቄ አስታወስሁ፤ "ከኩላሊት ምን ይፈልጋል?" ያልሁትን። ለካስ ሲመረምር የኖረው እንዲህ ነው። ሊፈርድብኝ ብቻ ያየኝ ይመስለኝ ነበር። ጉድለቴን እያየ በጉድለቴ ላይ ሲያኖረኝ ኖሯል።

ብርሃን አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። እዚያው ደረጃ ላይ ዓይኔን ሳልጨፍን፣ "ጌታ ሆይ፣ አንተ አውቀኸኛል፣ እኔ ግን አላውቅህም። ማወቅ እፈልጋለሁ" አልሁት። ሲስተር ሰናይት ኢየሱስ ስለ እኔ ጎኑን የተወጋ መሆኑን ነገረችኝ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በየስቅለቱ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን፣ ከሐኪሙ ጋር ስለ ጎን ስጨቃጨቅ ሰንብቼ ስለ ነበር፣ እየታወቀኝ ሰማሁት። ሳይገደድ የሰጠ፣ የሚደርስበትንም አስቀድሞ የሚያውቅ ለጋሽ አለኝ። በዚያ ቀን ተቀበልሁት። ስሙ ይባረክ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ፍሬው ግን እየሞተ ነበር።

በማግስቱ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ፊልሙን በዚህ ፖስታ ይዤ ትክል ድንጋይ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። አያ ታደሰ ከግቢያቸው ሆነው ሞፈር ይጠርባሉ። ባለቤታቸው ውዴ በሩ ላይ እህል ታበጥራለች።

"ምነው የሺ? ፍሬው ደኅና?" አሉኝ።

"አለ።"

"ያ ምንድን ነው?"

"የእኔ ሆድ ነው፣ አያ።"

ውዴ ሰፌዷን ይዛ ቆመች። "የከተማ ሰው ሆዱን በፖስታ ይዞ መዞር ጀመረ?" አለች።

ፊልሙን ወደ ፀሐይ ያዝሁላቸው። "ይህ አከርካሪዬ ነው። ይህ የጎን አጥንቴ። ይህች ባቄላ የመሰለችው ኩላሊቴ ናት። እስቲ ሁለተኛዋን ያሳዩኝ።"

አያ ታደሰ ፊልሙን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ ገለበጡ። "የለችም" አሉ።

"የለችም። ስፈጠርም አልነበረች።"

"በዚችው ባንዷ ነው አራቱን የወለድሽው?"

"በዚችው።"

"ከምንጭ እንስራ ስትሸከሚ?"

"በዚችው።"

"እኛ ደግሞ በሁለት እየኖርን ነው እንግዲህ ደከመን የምንለው" አሉና ተቀመጡ።

ወገኖቼ፣ እዚያ ላይ ዝም ብል ይበቃ ነበር። የድሮዋ የሺ ዝም ትል ነበር። ልባቸው እንደተነካ አይቻለሁ፤ የፍሬው ሕይወት በእጄ ያለ መሰለኝ። ግን ያወቀኝ ጌታ ሰውን በግማሽ እውነት እንድጎትት አልወደደም። እኔም ለሐኪሙ ስዋሽ ምን እንደተረፈኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኋቸው። ማደንዘዣውን፣ ደሙን፣ የቁስሉን ማመርቀዝ፣ ተጠባባቂ አለመኖሩን። የእኔ አብራኝ ያደገች ናት፣ የእርስዎ ግን በስለት ነው የምትወጣው፣ ሁለቱ አንድ አይደለም አልኋቸው። ፍሬውም ላይድን ይችላል አልኋቸው።

አያ ታደሰ ትክ ብለው አዩኝ። "ምነው፣ ልታስፈራሪኝ ነው እንዴ የመጣሽ?"

"አይደለም አያ። ቢሞቱብኝ 'ሳትነግሪኝ' እንዳይሉኝ ነው።"

"ከሞትሁ በኋላ ምን ልል ኖሯል?" ብለው ሳቁ። ውዴ አልሳቀችም። "ባሌ ሞቶ ማን ያርስልኛል? አንቺ ነሽ የምታርሺ?" አለችኝ። እንዲህ ብላ የጠየቀች ሴት ልክ ናት።

"በትንሣኤስ?" አሉኝ ቆይተው።

"እኔስ በአንዲት ነው የምነሣው። ጌታ እንዴት ሊያደርገኝ ነው?"

"እሱ ያውቃል።"

"እንግዲያው የእርስዎንም ያውቃል።"

አልለመንኋቸውም፤ በልቤ ግን ወደ ጌታ ስጮህ አደርሁ። ጠዋት መኪና የሚቆምበት ስደርስ አያ ታደሰ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ቀድመውኝ ቆመዋል። ውዴ ስንቅ ቋጥራ አጠገባቸው ታለቅሳለች።

"ፍሬው ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ሊገድለው ሲል" አሉኝ፣ "ከዚህ እስከ ጎንደር በጀርባዬ አዝዬ ወስጄዋለሁ። አሁን ደግሞ በጎኔ ልውሰደው።"

ምርመራቸው ንጹሕ ሆነ፤ ኮሶ እንዳይጠጡ እኔ ራሴ ጠብቄያቸዋለሁ። ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው በቦታቸው አሉ። ከፍሬው ጋር ሄዱ።

የኦፕራሲዮኑ ወሬ ሲመጣ የፍሬው ሸጋ ነበር። ኩላሊቷ ገብታ በዚያው ቀን መሥራት ጀመረች። የአያ ታደሰ ግን ቁስላቸው አመረቀዘ፤ ትኩሳት ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ደብዳቤ አልመጣም። ውዴ ልጆቿን ይዛ ቤቴ መጥታ ተቀመጠች። አልሰደበችኝም፤ ዝም ብላ ታየኛለች። እኔም "አንዱን ወንድሜን ለሌላው ገበርሁት" እያልሁ አለቅስ ነበር። ጌታን አምኜ ሳለሁ ነው ይህ የደረሰብኝ። እምነት ሐኪሙ የነገረኝን አደጋ ከመንገድ አላነሣውም። ሲስተር ሰናይት ግን በየቀኑ እየመጣች ከውዴም ከእኔም ጋር ትቀመጥ ነበር። ውዴን፣ "በማርያምም በይ፣ በሚካኤልም በይ፣ ብቻ ከእኛ ጋር ዝም አትበይ" አለቻት። ሦስታችን፣ ውዴ በለመደችው ጸሎት፣ ሲስተር ሰናይት በራሷ፣ እኔ ገና በተማርሁት፣ ስለ አንድ ሰው ለመንን።

ጌታ ሰማን። አያ ታደሰ ከፍሬው ዘግይተው ተነሡ፤ ግን ተነሡ። አብረው ተመለሱ።

አሁን ሦስተኛ ክረምታቸውን ይዘዋል። ፍሬው ክኒኑን በየቀኑ ይውጣል፤ አንድ ቀን ማቋረጥ አይችልም። ሥራውን ይሠራል፤ ፊቱም የድሮው ፊቱ ሆኗል። ለአያ ታደሰ የመጀመሪያውን ዓመት ጎረቤት በደቦ አረሰላቸው። አሁን ራሳቸው ያርሳሉ፤ ብርድ ሲሆን ጎናቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ ለምርመራም ሆስፒታል ይመጣሉ። በዚህ ቤት የምንሰበሰብ መሆናችንን ያውቃሉ። "የእኔና የእናንተ ጌታ አንድ ነው፣ እኔን ከሚካኤል አታስወጡኝ" ይሉኛል። እጸልይላቸዋለሁ፤ አልጨቃጨቃቸውም። ፍሬውን ሲያዩ ደግሞ፣ "ወዳጄ፣ የኔዋ ደኅና አደረች?" ብለው ነው የሚጠይቁት።

እኔም ፍርሃቴ ሁሉ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬ ከቤት ስወጣ ልጆቹን ሦስት ጊዜ መክሬ፣ ከበር ተመልሼ አራተኛ መክሬያቸዋለሁ። ውሃውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያፈላሁት። በልባችሁ ሃሌ ሉያ በሉልኝ።

ከእናንተ መካከል በጌታ ገና ያልታመነ እንግዳ እንዳለ አይቻለሁ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ድፍረት እስኪመጣልህ አትጠብቅ፤ እኔ ድፍረት ኖሮኝ አልመጣሁም። ጥያቄህን ይዘህ ና። ጌታ በጥያቄ አይቆጣም። የማታውቀውን ጉድለትህን ያውቀዋል፤ እስከ ዛሬም በእሱ ላይ አኑሮሃል።

አሁን ፖስታውን ልክፈት። ይኸው ፊልሙ። በጠርዙ ያዙት፤ ጣት አታሳርፉበት፣ ይበላሻል። እዚያ መስኮቱ ጋ ያለህ ወንድም፣ መጋረጃውን አንድ ጣት ብቻ ገለጥ አድርገው፤ የሚያልፍ ሰው ካለ ቆይ። ብርሃን ገባ? እንግዲህ በየተራ እዩ። ይህች ሠራተኛዋ ናት። ወዲያኛው ወገን፣ ጥቁሩ፣ እኔ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ያልጠበቅሁት ነው። እሱ ሲጠብቀው ኖሯል።

አይታችሁ ስትጨርሱ መጋረጃውን መልሱት።